ሳይክል ለማን ነው የምትገዙት? ድሬዳዋ ውስጥ ለአራት ሰው ገዝቼ ያየሁት

በ2011 ዓ.ም. ልጄ ሰባት ዓመት ሲሞላው ሳይክል ገዛሁለት። 24 ቁጥር ነበር። ቀይ፣ ባለ ማርሽ፣ ከፊትም ከኋላም አሞርዛተር (ንዝረት የሚቀንስ ሞላ) ያለው። ሻጩ ልጄን ከላይ እስከ ታች አየውና «አቦ ልጅ ያድጋል፣ ይደርስበታል፣ ውሰጂው» አለኝ። እኔም ያንኑ ነበር የማስበው። ጫማ አንድ ቁጥር አስበልጠን አይደል የምንገዛው? ዩኒፎርምስ የመጀመሪያው ዓመት እጅጌው ታጥፎ አይደል የሚለበሰው?

በሦስተኛው ቀን ወደቀ። እዚሁ ከዚራ ሰፈር፣ ከደጃችን ብዙም ሳይርቅ ባጃጅ ከጥጉ ወጣበት። ፍሬን ያዘ፤ ሳይክሉም ቆመለት። እግሩን ሊያሳርፍ ሲሰደው መሬቱ ሩቅ ነው። እግሩ አየር ላይ መሬት ሲፈልግ በዓይኔ አየሁት። ከዚያ ከነሳይክሉ በጎኑ ተዘረረ። አገጩ ላይ ሦስት ቦታ ተሰፋ። የባጃጁ ልጅ ደንግጦ ራሱ ነው ተሸክሞ ክሊኒክ ያደረሰው። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። የልጄም አልነበረም። ሳይክሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ልጄ ለስምንት ወር ሳይክሉን ዞር ብሎ አላየውም። በረንዳ ላይ ቆሞ አቧራ ለበሰ።

ከዚያ ወዲህ ለልጄ ሌላ ገዛሁ፤ ለራሴም፣ ለእህቴ ልጅም፣ ለአባቴም ገዛሁ። አሁን ሰፈር ውስጥ ሰው ሳይክል ሊገዛ ሲል «ነይ እስቲ እይልን» ይሉኛል። መካኒክ አይደለሁም። ግን የእኔን ስህተት ሌላ ወላጅ ሲደግመው ማየት ስለሚከብደኝ፣ የማውቀውን ልጻፈው ብያለሁ።

ዓይኔን የገለጡልኝ ዛፍ ጥላ ሥር ሳይክል የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ናቸው። ቀዩን ሳይክል ልሽጠው ብዬ ወሰድኩላቸው። «ልጁን አምጪው» አሉኝ። ጫማውን አስወልቀው ጀርባውን ከግንቡ አስደገፉት። ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር በእግሮቹ መሃል አስገብተው፣ ልክ መቀመጫ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ወደ ላይ ጫን አደረጉት። ከደብተሩ አናት እስከ መሬት በሜትር ለኩ። 54 ሳንቲ። ቀጥሎ የሳይክሉን መቀመጫ እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረጉና ከመሬት ለኩት። 67 ሳንቲ። «አሥራ ሦስት ሳንቲ አየር ላይ ነው ያስቀመጥሽው» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። እኔም ሌላ አላስፈለገኝም።

ይህ ልኬት አንድ ሜትርና አንድ ደብተር እንጂ ምንም አይፈልግም። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ለክታችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ገና ለሚማር ሰው፣ ልጅም ይሁን አዋቂ፣ የሳይክሉ መቀመጫ ዝቅ ሲል ከእግሩ ልክ መብለጥ የለበትም። ሁለቱም እግሮቹ ሙሉ በሙሉ መሬት መርገጥ አለባቸው። ትንሽ ለለመደ ሰው ጣቶቹና የእግሩ ፊት ከነኩ ይበቃል። በደንብ የሚነዳ ሰው ደግሞ መቀመጫው ከፍ ብሎ ቆሞ ሲጠብቅ በአንድ እግሩ ጣት ብቻ መሬት ቢነካ ምንም አይሆንም፤ ሲቆም ከመቀመጫው መውረድን ስለለመደ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የቸርኬውም የማርሹም ወሬ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ቁጥሩ የጎማው ዲያሜትር ነው፣ ከዳር እስከ ዳር በመሃል ሲለካ፣ በኢንች። 12 ቁጥር ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ፣ 16 ለአምስትና ለስድስት፣ 20 ከሰባት እስከ ዘጠኝ አካባቢ፣ 24 ደግሞ ከዚያ በላይ እየተባለ ይሸጣል። ለመነሻ ያህል ጥሩ ነው። ነገር ግን የእኔና የጎረቤቴ ልጅ እኩዮች ሆነው በእግር ርዝመት በስድስት ሳንቲ ይበላለጣሉ። ስለዚህ ዕድሜውን ተዉትና ደብተሩን እመኑ።

ለልጄ ሁለተኛ እጅ 20 ቁጥር አገኘን። ማርሽ የሌለው፣ አሞርዛተር የሌለው፣ ቀለሙም እዚህም እዚያም የተላጠ። ልጄ መጀመሪያ ፊቱን አጠቆረ። ቀዩ ያምራላ! ግን አንስቶ ደረጃውን ሲያወጣው አየሁት። ቀዩን ሁለት እጁን ተጠቅሞም አያነሳውም ነበር። ስለ አሞርዛተር አንድ ነገር ልበል። ውድ ሳይክል ላይ ጥሩ ነገር ነው። ርካሽ ሳይክል ላይ ግን ሞላ እንጂ ሌላ አይደለም፤ ክብደት ይጨምራል፣ በተረገጠ ቁጥር ይወዛወዛል፣ የልጁን ጉልበት ይበላል። ሻጮች «ባለ ሁለት አሞርዛተር» ብለው ዋጋ ሲጨምሩባችሁ፣ ጨምራችሁ የምትገዙት ክብደት ነው።

ሌላው ሰው የማያየው የፍሬን መያዣውን ነው። የልጅ ጣት አጭር ነው። መሪውን እንደያዘ ጣቶቹ ፍሬኑን ካልደረሱበት ያ ሳይክል ፍሬን የለውም ማለት ነው። ብዙዎቹ የፍሬን መያዣዎች ላይ ትንሽ ብሎን አለች። እሷ ስትጠብቅ መያዣው ወደ እጁ ይጠጋል። እኛም በአንድ ደቂቃ አስተካከልነው።

ካስፈራው በኋላ እንዴት ተመለሰ? ፔዳሎቹን ፈታናቸው። አዛውንቱ ናቸው የመከሩኝ። በ15 ቁጥር መፍቻ ይፈታል፤ ግን ተጠንቀቁ፣ የቀኙ ፔዳል እንደማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል፣ የግራው ግን በተቃራኒው ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው። ይህን ሳላውቅ የግራውን ስፈታ ነው ብዬ ሳጠብቀው ግማሽ ሰዓት ፈጅቻለሁ። ፔዳል ከሌለ ልጁ በእግሩ መሬት እየገፋ ይሄዳል፤ ሚዛን መጠበቅ ብቻ ይለማመዳል። ሲያሻው እግሩን ያነሳል፣ ሲፈራ ያሳርፋል። በአራተኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ የከዚራ መንገድ ባዶ ሆኖ ሳለ ሁለቱንም እግሮቹን አንስቶ ከአንዱ ዛፍ ጥላ እስከ ቀጣዩ ሄደ። ፔዳሎቹን ያን ዕለት ከሰዓት መልሰን ገጠምናቸው። ከጎን የሚገጠሙትን ትንንሽ የድጋፍ ጎማዎች አልወዳቸውም። ልጁ እነሱ ላይ መደገፍን ይለምዳል፤ ሲወጡ እንደ አዲስ መጀመር ነው።

እኔ ራሴ የተማርኩት በ34 ዓመቴ ነው። የድሬ ልጅ ሆኜ! ይህች ከተማ በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተወለደች ናት። የከዚራ መንገድ ቀጥ ያለና ሜዳ ነው፤ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ወደ ምድር ባቡር ጋራዥ በሳይክል ነው የተመላለሰው። ወንድሞቼ ሲነዱ እኔ ከኋላ ፖርታ ባጋሊዮው፣ ዕቃ መጫኛው ላይ እቀመጥ ነበር። ማንም «አትንጂ» አላለኝም፤ ግን «ንጂ» ያለኝም አልነበረም። ይህንን የምታነቡ እህቶቼ፣ ጊዜው አላለፈም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። ከሁለት ሰዓት በፊት ፀሐይዋም ሰውም አይበረቱም።

ለጀማሪ አዋቂ የምመክረው ሳይክል የመሃል ብረቱ ዝቅ ብሎ የታጠፈውን ነው፣ «የሴት ሳይክል» የሚሉትን። ስሙ ነው እንጂ ለማንም ይሆናል። ስትወድቂ፣ ደግሞም ትወድቂያለሽ፣ እግርሽን የሚይዝ ብረት የለም፤ ዝም ብለሽ ትወጪያለሽ። ጎማው ወፈር ይበል። ማርሽ አያስፈልግም፤ ሜዳ ላይ አንድ ማርሽ ይበቃል። ጀማሪ ዓይኑ መንገድ ላይ መሆን ሲገባው ማርሽ ለመቀየር አጎንብሶ ወደ ታች ያያል፤ የመጀመሪያው ወር ላይ ይህ ነው የሚጥለው። በሽቲ፣ በረጅሙ ስስ ቀሚስ፣ የሚነዳ ሰው ደግሞ የሰንሰለቱን መሸፈኛ ሳያይ እንዳይገዛ። የእኔ የመጀመሪያው መሸፈኛው ግማሽ ነበር። ሽቲዬ ሰንሰለቱ ውስጥ ገብቶ ተጠቀለለ፤ ታይዋን ገበያ አጠገብ ቆሜ አንዲት ሻይ የምታፈላ ሴት በመቀስ ቆርጣ ነው ያወጣችኝ። ሙሉ ሽፋን ያለው ፈልጉ። ካጣችሁም ሱሪ ከሥር ይለበስና ሽቲው ይቋጠር።

ከሁለት ወር በኋላ ጉልበቴን ከፊት በኩል ያመኝ ጀመር። ያረጀሁ መስሎኝ ነበር። አዛውንቱ ጋ ስሄድ ሳይክሉ ላይ ቁጭ አደረጉኝና አዩኝ። «አሁን ተምረሻል፤ መቀመጫሽ ግን እንደ ጀማሪ ነው» አሉ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዜን እንዳሳርፍበት አደረጉ፤ እግሬ ቀጥ እስኪል ድረስ መቀመጫውን ከፍ አደረጉት። ከዚያ በእግሬ ፊት ስረግጥ ጉልበቴ ትንሽ ታጠፍ ይላል። ልኩ ይህ ነው። ሦስት ጣት ያህል ነው የጨመሩልኝ። በሳምንቱ ሕመሙ ጠፋ። እንግዲህ ያው ሳይክል፣ ያው ሰው፤ ችሎታዬ ሲለወጥ መቀመጫውም መለወጥ ነበረበት። የመቀመጫው ምሰሶ ላይ በቀይ ኩቴክስ መስመር አሰመርኩበት፤ ሰው ቢያወርደው ልኬን እንዳላጣው። ሳይክል የምትጋሩ ቤተሰቦች ለየሰው በተለያየ ቀለም አስምሩበት፤ በጣም ይጠቅማል።

የእህቴ ልጅ ሌላ ዓለም ነው። 17 ዓመቱ ነው፣ የሚኖረው ሐረር ነው። ክረምት ክረምት እኛ ጋ እየመጣ በኪራይ ሳይክል ነው የተማረው። እጁን ለቆ ይነዳል፤ አልወድለትም ግን ይነዳል። ግድግዳው ላይ የፅጋቡ ግርማይን ፎቶ ለጥፏል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረውን የመጀመሪያ ኢትዮጵያዊ። እንግዲህ የሚፈልገው ምን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ መሪው ወደ ታች የታጠፈ፣ ጎማው የቀጠነ የውድድር ሳይክል። እናቱ ገንዘቡን ላከችልኝና ድሬ ውስጥ ፈልጌ ያገለገለ ገዛሁለት። የቁመቱን ልክ አስተካክዬ ነው የገዛሁት፤ መሃል ብረቱን በእግሮቹ መሃል አድርጎ ሲቆም ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ነበረው። አልተሳሳትኩም ብዬ ደስ አለኝ።

ድሬ አስፋልት ላይ ሳይክሉ ክንፍ አለው። ሐረር ሲደርስ ግን በሳምንቱ ደወለልኝ። «አክስቴ፣ ከምነዳው የምሸከመው ይበልጣል።» ጁገልን፣ በግንብ የታጠረውን የድሮውን ሐረር፣ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከፈረስ መጋላ ወደ ታች የሚወርዱት መንገዶች ጠባብ፣ ድንጋይ ንጣፍና ቁልቁል ናቸው። ቀጭኑ ጎማ ድንጋዩ መሃል ይገባል። ሽቅቡ ደግሞ አይገፋም። ልጁ ችሎታ አላነሰውም። እኔ የነጂውን ችሎታ አይቼ መንገዱን ረሳሁት።

ማርሹን ስንቆጥር ነገሩ ግልጽ ሆነ። ፊት ለፊት ያለው ትንሹ 42 ጥርስ ነው፣ ኋላ ያለው ትልቁ 23። 42 ለ23 ሲካፈል 1.8 ገደማ ነው። ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላ ጎማው ሁለት ጊዜ ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ይዞራል ማለት ነው። ለሜዳ ፍጥነት ነው፤ ለሽቅብ ግን ግድግዳ መግፋት ነው። ከስንት ፍለጋ በኋላ የፊቱን 50 እና 34፣ የኋላውን እስከ 28 ጥርስ አስቀየርንለት። 34 ለ28፣ 1.2 ገደማ። ለአንድ ዙር የሚከፍለው ጉልበት በአንድ ሦስተኛ ቀነሰ። ጎማውም 23 ሚሊ ነበር፤ ቸርኬውና ፍሬኑ የሚፈቅዱትን ያህል ወደ 28 ሚሊ አወፈርነው። ዋናው ብረት ልኩ ስለነበር ሌላው ሁሉ ሊስተካከል ቻለ። ብረቱ ልኩ ባይሆን ኖሮ ሙሉ ወጪው ከንቱ ነበር። ሳይክል ስትገዙ ማርሽ ይቆጠራል። ሻጩ «21 ማርሽ ነው» ቢላችሁ፣ የፊቱንና የኋላውን ጥርስ ቁጠሩ። ሐረር ላለ ሰው ትንሹ የፊት ማርሽ ከትልቁ የኋላ ማርሽ ጋር ቢመጣጠን እመርጣለሁ። ድሬ ሜዳው ላይ ለሚመላለስ ግን ይህ ሁሉ ራስ ምታት ነው።

ስለ ደንገጎ፣ ድሬንና ሐረርን በሚያገናኘው መንገድ ላይ ስላለው ጠመዝማዛ ዳገት፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፤ በመሃል ሐረማያ አካባቢ መንገዱ ከሐረርም ይበልጣል። ልጁ ቁልቁለቱን ሊወርድ ይመኛል። በሳይክል ፍሬን ያን ጠመዝማዛ መውረድ ለጀማሪ በጭራሽ አይሆንም። የፍሬኑ ጎማ ቸርኬውን ጨብጦ ሲቆይ ቸርኬው በእጅ የማይነካ ይሆናል። አንዴ ከታላቅ የሳይክል ጓደኛው ጋር ወርዷል። በየመሃሉ እየቆሙ፣ ፍሬኑን ያለማቋረጥ ሳይይዙ፣ ጠመዝማዛው ሳይደርስ ቀድመው ፍጥነት እየቀነሱ። የጫት መኪኖቹ በዚያ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚበሩ ስለማውቅ እስኪደውልልኝ ድረስ ቁጭ አላልኩም። ያለ ራስ ቁር እንደማይሄድ አስምዬዋለሁ።

አባዬ 68 ዓመቱ ነው። ጉልበቱን ሲያመው ትቶት፣ ከ12 ዓመት በኋላ «ሳይክል አምጪልኝ» አለኝ። እኔም ደስታዬ ወሰን አጣ፣ ያንኑ የድሮውን ዓይነት ፈልጌ አመጣሁለት፤ ረጅም፣ መሃል ብረቱ አግድም የሆነ፣ 28 ቁጥር። ከሱ በላይ ሳይክል የሚያውቅ ሰው ቤታችን ውስጥ የለም። ግቢ ውስጥ መሪውን ይዞ ቆመ። እግሩን ከኋላ አሽከርክሮ ሊያሳልፍ ሞከረ፤ ዳሌው እምቢ አለው። እንደገና ሞከረ። ከዚያ መሪውን በመዳፉ ጠርጎ፣ ከግንቡ አስደግፎት ወደ ቤት ገባ። አንድም ቃል አልተናገረም። መስኮት ላይ ሆኜ ስላየሁት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዝቅ ያለውን ላምጣልህ ብለው «የሴት አልነዳም» አለኝ። አልገፋሁትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠዋት ሥራ ልሄድ ሳይክሌን ሳወጣ፣ የኩቴክሱ መስመር ከቦታው ከፍ ብሏል፤ አራት ጣት ያህል። አባዬ ከእኔ ይረዝማል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ትኩስ ፈጢራ በወረቀት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ነው። ምንም አላልኩትም፤ መቀመጫውን ወደ መስመሬ አወረድኩና ሄድኩ። ወር ሙሉ እንዲህ እንደተጋራን ቆየን። ከዚያ ራሱ «የኔን ለውጪልኝ» አለኝ። ዝቅ ያለ፣ መሪው ከፍ ብሎ ጀርባን ቀና የሚያደርግ፣ መቀመጫው ሰፋ ያለ ገዛንለት። ለትልልቅ ሰዎች ስትገዙ እንደ ጀማሪ አታስተምሯቸው። መንዳቱን ያውቃሉ። የሚያስፈልጋቸው የሚወጡበትና የሚወርዱበት መላ ነው። ሲቆሙም ሁለቱም እግሮቻቸው መሬት ይርገጡ።

ያገለገለ ሳይክል ስትገዙ ብዙ ጊዜ አጥፉ። እኔ የማደርገው ይህ ነው። መጀመሪያ የፊቱን ፍሬን ይዤ ሳይክሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አነቃንቀዋለሁ። መሪው ሥር ቋ ቋ ካለ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም አልቋል። ቀጥሎ ሳይክሉን አንስቼ ጎማውን አሽከረክራለሁ፤ ዓይኔን የማሳርፈው ጎማው ላይ ሳይሆን በቸርኬውና በፍሬኑ ጎማ መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነው። ክፍተቱ እየጠበበ እየሰፋ ከሄደ ቸርኬው ተጣሟል። ትንሽ ከሆነ ሽቦዎቹን በማጥበቅ ይቃናል፤ ብዙ ከሆነ አልወስደውም። ሰንሰለቱን ፊት ለፊት ካለው ማርሽ በጣቴ ወደ ፊት እስባለሁ። ተነስቶ የጥርሱ ግማሽ ከታየኝ ሰንሰለቱ ተለጥጧል፤ ጥርሶቹንም በልቷቸው ሊሆን ስለሚችል ዋጋ አስቀንሳለሁ። ከዚያ ዋናውን ብረት፣ ተላዮውን፣ በተለይ መሪው ሥር ያለውን ብየዳ በጣቴ እዳብሳለሁ። ቀለሙ የተሸበሸበበት ወይም አዲስ ቀለም የተቀባበት ቦታ ካለ አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ተሰብሮ የተበየደ ሊሆን ይችላል። ሌላው ሁሉ ይቀየራል፣ ብረቱ አይቀየርም። በመጨረሻ ሳይክሉን ገልብጬ ፔዳሎቹ የሚገናኙበት ሥር የተቀረጸውን ቁጥር አያለሁ። ተፍቆ ከጠፋ፣ ምንም ያህል ቢረክስ ትቼው እሄዳለሁ። የሌላ ልጅ ሳይክል ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

የምትችሉ ከሆነ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ለአንድ ሰዓት ተከራዩ። አንዱን ቀን 20፣ ሌላውን ቀን 24 ሞክሩ። ልጁ በሰውነቱ ይነግራችኋል። ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይለወጣል።

የድሬን ፀሐይና እሾህ የማያውቅ የለም። ሳይክሉን ቀትር ላይ ፀሐይ ላይ አታቁሙ፤ ከመነዳሪው (የውስጡ ጎማ) የተለጠፈ ከሆነ ማስቲሹ ይለቃል፣ ጎማውም በሙቀት ይበልጥ ይወጠራል። ስንት አየር እንደሚችል ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ ጎሚስታው በግምት እንዳይሞላላችሁ። የግራር እሾህ ሲወጋችሁ ከመነዳሪውን ብቻ ቀይራችሁ አትሂዱ። የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ጥረጉ፤ እሾሁ ተሰብሮ እዚያው ከቀረ ጨርቁን ይይዘዋል። ይህን ሳላደርግ በአንድ ቀን ሦስት ከመነዳሪ ጨርሻለሁ። ደቻቱን፣ ከተማችንን የሚያቋርጠውን ወንዝ፣ በአሸዋው በኩል የምትሻገሩ ደግሞ ውረዱና ግፉ። አሸዋ ላይ የፊት ፍሬን መያዝ መውደቅ ነው፤ ቀጭን ጎማ ላይማ ፍሬንም ሳይያዝ ነው።

ቀዩን ሳይክል አልሸጥኩትም። ልጄ አሥር ዓመት ሲሞላው ከበረንዳ አወረድነው። በዚያን ጊዜ እግሩ 68 ሳንቲ ደርሶ ነበር። ሦስት ዓመት ነዳው። ዘንድሮ ጠበበው። የጎረቤታችን ልጅ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እናቷ «ለእሷ ስጪኝ፣ ያድግላታል» አለችኝ። ከልቧ ነው፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ልጅቷን ጫማዋን አስወለቅናትና ከግንቡ አስደገፍናት። ደብተሩን ራሷ ያዘችው። 58 ሳንቲ። ግንቡ ላይ በእርሳስ አሰመርንላት፤ ከሱ በላይ ደግሞ 67 ላይ ሌላ መስመር። ሳይክሉ የእሷ ነው፣ ስሟንም መሪው ላይ በፕላስተር ለጥፋለች። እስከዚያ የልጄን 20 ቁጥር እየነዳች ነው። በየወሩ መጀመሪያ በራችንን ታንኳኳለች፤ ጫማዋን አውልቃ፣ ደብተሩን ይዛ።